«ረባሽ» እያለ ስም የሚጽፍ አለቃ እስከ መቼ?

በ2017 ዓ.ም. ክረምት ነው። ባሕር ዳር ላይ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ወጥቼ ወደ ጣና ዳር ሳዘግም አንድ የአጥር ግንብ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ዓይኔን ሳበው። «ልጅዎን የነገ መሪ እናደርግልዎታለን!» ይላል በደማቁ። ከሥሩ ሥልጠናው ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ ስንት ብር እንደሚያስከፍልና በመጨረሻም ባለማኅተም የምስክር ወረቀት እንደሚሰጥበት ተዘርዝሯል። አጠገቤ የቆሙ አንዲት እናት ወረቀቱን በጣታቸው እየተከተሉ ካነበቡ በኋላ ወደ እኔ ዞር አሉ።

«ወንድሜ፣ ይሄ ነገር ያዋጣል ትላለህ? የኔው ልጅ ዓይን አፋር ነው፤ ሰው ፊት መናገር አይሆንለትም» አሉኝ።

ምን ልበላቸው? «እትዬ፣ ልጅዎ ሰው ሲናገር ያዳምጣል?» ስል ጠየቅኋቸው።

«እሱንማ ማን ብሎት! ከማዳመጥ በቀር ምን ሥራ አለው?»

«እንግዲያው ግማሹን ተምሯል፤ ገንዘብዎን ይያዙ» አልኳቸውና ተሳስቀን ተለያየን።

ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ ከራሴ አልወጣ አለኝ። ሥልጠናውን ለመንቀፍ አይደለም፤ ሰዎቹም እንጀራቸው ነው። ልጅ ሰው ፊት ቆሞ ሐሳቡን መናገር ቢለምድ ማን ይጠላል? የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ለመሆኑ ልጆቻችን የመሪነት ትምህርት አጥተው ያውቃሉ ወይ? እኔ እንደሚመስለኝ አንድም ቀን አጥተው አያውቁም። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ፣ በነጻ፣ በየቀኑ፣ ያለ ምስክር ወረቀት ሲማሩት ኖረዋል። ዛሬ የምናማርራቸው ሹማምንትም የዚያው ትምህርት ቤት ምሩቃን ናቸው። አንባቢ ይታገሰኝና ምን ማለቴ እንደሆነ ከራሴ ገመና ልጀምር።

እኔም አለቃ ነበርኩ

አራተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራውም፤ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው ማለት ይበቃል። ከሰባ በላይ ሆነን በአንድ ክፍል ታጭቀን ነበር የምንማረው። አንድ ቀን ጠዋት መምህራችን ገቡና ዓይናቸውን ከፊት እስከ ኋላ አንከራትተው ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። «አንተ ረጅሙ! ከዛሬ ጀምሮ የክፍል አለቃ ነህ!» አሉኝ። በቃ። ማንም ማንንም አልጠየቀም። ለሹመት ያበቃኝ ቁመቴ ነበር።

ሥራዬም ወዲያው ተነገረኝ። መምህር ሲወጡ ወይም ሲቀሩ ወረቀት አወጣለሁ፤ ከላይ «የረባሾች ስም ዝርዝር» ብዬ እጽፋለሁ፤ ከዚያ የተንቀሳቀሰውንም ያንሾካሾከውንም እመዘግባለሁ። የደገመ ከስሙ ጎን «ኤክስ» ይደረግበታል። መምህሩ ሲመለሱ ወረቀቱን አቀብላለሁ፤ እሳቸው ስም ይጠራሉ፤ ጎማው ይወርዳል። ተከሳሹ «ኧረ አልረበሽኩም» ቢል ሰሚ የለውም። ወረቀቱ ላይ ተጽፏላ!

በመጀመሪያው ሳምንት ፈራሁ። በሁለተኛው ለመድኩት። በሦስተኛው ጣፈጠኝ። ሸንኮራ የሚያመጣልኝ መጣ፤ ከኪሱ ቆሎ የሚዘግንልኝ በዛ። ስም መጻፍ ብቻ ሳይሆን መሰረዝም እንደሚቻል፣ መሰረዝም ዋጋ እንዳለው ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ ደረስኩበት። ስሙ «ሙስና» እንደሚባል የሰማሁት ኋላ ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ግን ከትልልቅ ሰዎች አፍ ደጋግሜ ሰምቼው ነበርና በአሥር ዓመቴ ሥራ ላይ አዋልኩት።

አንድ ልጅ ነበር። አባቱ ጣና ላይ በታንኳ ዓሣ የሚያሰግሩ፣ እሱ ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ፣ ድምፁ የማይሰማ። አንድ ቀን ወረቀቴን ይዤ ከጓደኛዬ ጋር ስስቅ ብድግ አለና፣ «አንተ ራስህ እያወራህ አይደል እንዴ? የራስህን ስም ለምን አትጽፍም?» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ አወካ። ፊቴ እሳት ሆነ። ስሙን ጻፍኩና ሦስት ኤክስ ደረደርኩበት። መምህሩ ሲመለሱ መዳፉን ዘርግቶ ተገረፈ። አላለቀሰም። ሲገረፍ ሲያይ የነበረው መምህሩን ሳይሆን እኔን ነው።

በማግስቱ አልመጣም። በሳምንቱም አልመጣም። በወሩ ቦታው ላይ ሌላ ልጅ ተቀመጠበት። «ለምን ቀረ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኔም «አባቱ ለሥራ ፈልገውት ይሆናል» እያልኩ ራሴን ስደልል ኖርኩ። ሊሆንም ይችላል። ግን ያ ስም በማን እጅ እንደተጻፈ አውቃለሁ።

ዝርዝሩ አብሮን አደገ

እንግዲህ ልብ በሉ። በአሥር ዓመቴ ስለ መሪነት የተማርኩት አምስት ነገር ነው። አንደኛ፣ መሪ የሚሾመው ከላይ በጣት ተጠቁሞ ነው። ሁለተኛ፣ ሥራው እኩዮቹን መሰለል ነው። ሦስተኛ፣ ተጠሪነቱ ለሾመው እንጂ ለሚመራቸው አይደለም። አራተኛ፣ ወረቀት ላይ የሰፈረ ነገር አይጠየቅም። አምስተኛ፣ አለቃን የተናገረ «ረባሽ» ነው። ይህ ዝርዝር የትኛውን መሥሪያ ቤት አስታወሳችሁ? የትኛውን ቀበሌ? የትኛውን ፓርቲ?

መንግሥታቱ ሁሉ ይህን አሳምረው ያውቃሉ። እያንዳንዱ በተራው በራሱ አምሳል ልጅ ሊቀርጽ ሞክሯል። በንጉሡ ዘመን ተማሪ ተሰልፎ እጅ ይነሣ ነበር፤ መሪ ማለት ከላይ ሆኖ የሚሰጥ፣ ተመሪ ማለት ጎንበስ ብሎ የሚቀበል ነበር። ደርግ መጣና ወጣቱን በአኢወማ ጠረነፈው፤ መሪ ማለት መፈክር አስጀማሪ ሆነ። ኢሕአዴግ ደግሞ «አንድ ለአምስት» የሚለውን አደረጃጀት በ2000ዎቹ ዓመታት ከገበሬው ማሳ አንሥቶ እስከ መማሪያ ክፍል አስገባው። ጎበዙ ሰነፎቹን ያስጠናል ተባለ። ማስጠናቱ ባልከፋ ነበር! አብሮት የመጣው ግን አንዱ ስለ አምስቱ ሪፖርት ማድረጉ ነው። ሪፖርት! ያቺ የኔ ወረቀት አድጋ፣ ማኅተም ተመትቶባት መጣች ማለት ነው።

የሚያስቀው፣ የሚያስለቅሰው ብል ይሻላል፣ በዚያው ዘመን በዚያው ክፍል ውስጥ «የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት» መሰጠቱ ነው። አሥራ አንዱ እሴቶች ይባሉ ነበር፤ የሕግ የበላይነት፣ እኩልነት፣ ፍትሕ፣ አገር ወዳድነት፣ ኃላፊነት፣ በራስ መተማመን፣ ቁጠባ… የኔ ትውልድ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይወጣቸዋል። ፈተና ላይ «ንቁ ማኅበረሰባዊ ተሳትፎ ምን ማለት ነው?» ሲባል ትክክለኛዋን ፊደል ያከበበ ልጅ ማርኩን አገኘ። እውነት መስሎት ክፍል ውስጥ ንቁ ተሳትፎ ያደረገ ልጅ ግን ስሙ ተጻፈ። በ2015 ዓ.ም. ሥርዓተ ትምህርቱ ሲቀየር ግብረ ገብ ለታችኞቹ ክፍሎች ተመልሶ መጥቷል። እሰየው ነው። መጽሐፉ ተቀየረ። አለቃውስ ተቀየረ ወይ?

ባሕር ዳር ደግሞ «አላወቅሁም» የምትልበት ምክንያት የላትም። የመምህራን መምህራንን ያፈራው የፔዳጎጂ አካዳሚ ከ1960ዎቹ ጀምሮ እዚሁ ነበር፤ ኋላም ከፖሊ ቴክኒኩ ጋር ተዋሕዶ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲን አስገኝቷል። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ «ልጅ እንዴት ይማራል?» ሲባልባት የኖረች ከተማ ናት። እኔ በዲፕሎማ የተመረቅሁ ጋዜጠኛ እንጂ የትምህርት ሊቅ አይደለሁም። ሊቆቹ ከሚያውቁት አንዷን ላስታውሳቸው ግን ይፍቀዱልኝ።

ሦስቱ አለቆች

ኩርት ሌዊን የሚባል፣ ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ከጀርመን ወደ አሜሪካ የተሰደደ ይሁዲ የሥነ ልቦና ሊቅ ነበር። በ1938 እና በ1939 እ.ኤ.አ. ሊፒትና ዋይት ከሚባሉ ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ አዮዋ ውስጥ አንድ ሙከራ አካሄደ። የአሥር ዓመት ልጆችን፣ ልክ እኔ አለቃ በሆንኩበት ዕድሜ ያሉትን ማለት ነው፣ በትንንሽ ቡድን ከፈሏቸውና ከትምህርት ሰዓት ውጪ ጭምብል እንደ መሥራት ያለ የእጅ ሥራ ሰጧቸው። ልዩነቱ አለቆቹ ላይ ነበር።

አንደኛው ዓይነት አለቃ ፈላጭ ቆራጭ ነው። ማን ከማን ጋር እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚሠራ እሱ ያዛል፤ የሚቀጥለውን ሥራ እንኳ አስቀድሞ አይነግርም። ሁለተኛው መክሮ የሚያሠራ ነው። ልጆቹ ተወያይተው ይወስናሉ፤ እሱ አማራጭ ያሳያል፣ ሲያመሰግንም ሲነቅፍም በምክንያት ነው። ሦስተኛው «እንደፈለጋችሁ» ባይ ነው። ዕቃውን ሰጥቶ ዳር ይቀመጣል።

ምን ሆነ? በፈላጭ ቆራጩ ሥር የነበሩት ልጆች አለቃው ፊታቸው ሳለ ሥራ በሥራ ሆኑ። ዞር ሲል ግን ሥራው ተልፈሰፈሰ። ከእነሱም አንዳንዶቹ ድምፃቸውን አጥፍተው ተገዙ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ በአለቃው ላይ ያልቻሉትን ቁጣ ከመካከላቸው ባገኙት ልጅ ላይ አወረዱት። «እንደፈለጋችሁ» በተባሉት ዘንድ ሥራም ደስታም አልነበረም። መክሮ የሚያሠራው አለቃ ያላቸው ግን እሱ ከክፍሉ ሲወጣም ሥራቸውን ቀጠሉ።

አለቃው ሲወጣ! ሙሉው ምስጢር እዚህች ላይ ናት። መሪ የሚመዘነው ፊት ለፊት ቆሞ ሳለ በሚታየው ጸጥታ አይደለም። ጀርባውን ሲያዞር በሚቀጥለው ሥራ ነው። አገራችንን እስቲ በዚህ መዝኗት። ሹም ሲነሣ ሥራውም አብሮ ይነሣል። አዲሱ መጥቶ የፊተኛውን ፋይል ይቀብርና ከአንድ ይጀምራል። የኔም ክፍል እንደዚያው ነበር፤ እኔ ወረቀቴን ይዤ ስወጣ ጣራው ይገነጠል ነበር። «ልጆቹ ባለጌ ስለሆኑ ነው» ይባላል። አይደለም! ራሳቸውን መምራት ማንም አላስተማራቸውም፤ የተማሩት መፈራትንና መፍራትን ብቻ ነው።

ሦስተኛውንም አለቃ አንርሳው። ከፈላጭ ቆራጭ የሸሸ ሁሉ ወደ ልቅነት ይሮጣል፤ ልቅነት ግን ነጻነት አይደለም። «ልጄን በነጻነት ነው የማሳድገው» ብሎ ስልክ አስጨብጦ የሚተው ወላጅ ያው ዳር የተቀመጠው አለቃ ነው።

ትምህርቱ እኛው ዘንድ ነበር

«የፈረንጅ ሙከራ ለኛ አይሠራም» የሚል አይጠፋም። እሺ፣ ፈረንጁን እንተወው። የቡሄ ዕለት ወደ ሰፈር እንውጣ።

ሆያ ሆዬ ሊጨፍሩ የሚወጡ ልጆችን አይታችኋል? አውራጅ አለ፣ ተቀባይ አለ፣ ገንዘብ ያዥ አለ። አውራጁን መምህር አልሾመውም፤ ድምፅ ስላለው፣ ግጥሙን ስለሚያውቅ እኩዮቹ ናቸው «አንተ አውርድ» ያሉት። ድምፁ ሲሰልል ለሌላው ይለቃል፤ ካልለቀቀ ተቀባዮቹ ዝም ይሉታልና ብቻውን ይቀራል። ገንዘብ ያዡ ደግሞ የሚመረጠው በጉልበት አይደለም፤ በመታመን ነው። ማታ ሁሉም ክብ ሠርተው በተቀመጡበት ኪሱን ይገለብጣል። ሳንቲሙ በዓይን እያዩት ይቆጠራል፣ ሙልሙሉ ይከፈላል፣ አንዲት ብር ብትጎድል ያ ልጅ ለከርሞ ቦርሳ አይነካም። የሂሳብ ምርመራ ማለት ይሄ አይደለም እንዴ? ስንት መሥሪያ ቤት ነው የዚህን ያህል ኦዲት የሚደረገው? ሴቶች ልጆችም በእንቁጣጣሽ እንዲሁ ያደርጋሉ።

የገጠር እረኞችም በተራ ከብት ይመልሳሉ፤ ተራውን የዘለለ በእኩዮቹ ፊት ይጠየቃል። በድሮው ጊዜ ነገሥታቱ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር ይባላል። ልጅ የሚያየውን እውነት ሹም እንደማይነግራቸው ያውቁ ነበርና።

ከኛ ወጣ ብለን የገዳን ሥርዓት እንይ። በ2009 ዓ.ም. ዩኔስኮ የሰው ልጆች የማይዳሰስ ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። ልጅ ከታች ጀምሮ በዕድሜ እርከን እያለፈ፣ በየደረጃው የሚጠበቅበትን እየተማረ ያድጋል፤ ሥልጣን ላይ የደረሰውም ስምንት ዓመት መርቶ ያስረክባል። መረከብን ብቻ ሳይሆን ማስረከብንም ከልጅነት ያስተምራል ማለት ነው።

ከባሕር ዳር ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሰባ ኪሎ ሜትር ገደማ ብንሄድ ደግሞ ፎገራ ወረዳ ውስጥ አውራ አምባን እናገኛለን። በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት ዙምራ ኑሩ የትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጡ ገበሬ ናቸው። ታሪካቸውን ሲናገሩ ሁሌም የሚጀምሩት ከልጅነታቸው ነው፦ እናቴና አባቴ ማሳ ላይ እኩል ውለው ቤት ሲገቡ ለምን እናቴ ብቻ ሥራ ትቀጥላለች? ብለው ጠየቁ። ልጁን ብዙዎች እንደ እብድ ቆጠሩት። ያ ጥያቄ ግን መንደር ወለደ። ሴት የምታርስበት፣ ወንድ እንጀራ የሚጋግርበት፣ የጋራ ሥራ ሁሉ በተመረጡ ኮሚቴዎች የሚመራበት፣ ቤተሰብ ተቀምጦ ሲወያይ ልጅም ሐሳቡን የሚሰጥበት መንደር። አውራ አምባን በሁሉ ነገር መቀበል የለብንም። ግን አንድ ነገር አስቡ፤ ያ ልጅ ያኔ የኔ ክፍል ውስጥ ቢሆን ኖሮ ስሙን ስንት ጊዜ እጽፈው ነበር?

ታንኳ ካልደረቀች

ጣና ዳር ላደገ ሰው ስለ ሥልጣን የሚያስተምር ሌላም ነገር አለ። ታንኳ ከደንገል ነው የምትሠራው። ደንገል ቀላል ነው፣ ይንሳፈፋል። ነገር ግን ውኃ ይጠጣል። ስለዚህ ታንከኛው ሥራውን ሲጨርስ ታንኳውን ወደ ዳር ይጎትትና አቁሞ ለፀሐይ ይሰጣታል። ውኃው ላይ ከከረመች ትከብዳለች፣ ትበሰብሳለች፣ ከነጫነቻቸው ሰዎች ትሰምጣለች።

ይህን የዓሣ አስጋሪ ልጅ በአምስት ዓመቱ ያውቀዋል። የኛ ሹማምንት ግን በስልሳ ዓመታቸውም አልገባቸውም። ወንበር ላይ የከረመ ሰው ውኃ የጠጣ ታንኳ ነው። መውጣት ውርደት የመሰለን ማንም በልጅነታችን ወርደን ስለማናውቅ ነው። እኔ አራተኛ ክፍልን ሙሉ አለቃ ነበርኩ፤ አምስተኛ ክፍል ስንገባ ሌላ ሰው ሲጠቆም አለቀስኩ። ማልቀሴ አሁን ይገርመኛል። አለቃ ካልሆንኩ ማን እንደሆንኩ አላውቅም ነበር ማለት ነው።

ጠመንጃ ሲያስተምር

እዚህ ላይ ቀልዱን እንተወው። ይህ የክፍል አለቃ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጋዜጣ ላይ ባልደከምኩ።

የባሕር ዳር ልጆች ነሐሴ 1 ቀን 2008 ዓ.ም. ሰልፍ የወጡ ወጣቶች በጥይት ሲወድቁ አይተዋል፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናል የሟቾቹን ቁጥር ቢያንስ 30 ብሎታል። ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. የክልሉ ርእሰ መስተዳድር ዶክተር አምባቸው መኰንንና ባልደረቦቻቸው ስብሰባ ላይ እንዳሉ ሲገደሉ ሰምተዋል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በመንገዱ የሚተላለፈውን ጦር ቆጥረዋል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በክልሉ ከ4 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ከትምህርት ገበታ ውጪ ሆኖ ከርሟል። አራት ሚሊዮን! ትምህርት ቤት ባይሄዱም ግን መማራቸውን አላቆሙም። ማን እንደሚመራ፣ እንዴት እንደሚመራ በየቀኑ እያዩ ናቸው።

በዚያው ክረምት ሐይቁ ዳር ስምንት የሚሆኑ ልጆች ሲጫወቱ ቆሜ አየሁ። ለሁለት ተከፍለዋል፤ አንዱ ወገን «መከላከያ»፣ ሌላው «ፋኖ»። ዱላው ጠመንጃ ነው። የሁለቱም አዛዥ ያው አንድ ዓይነት ነው፤ ይጮኻል፣ ይጠቁማል፣ ያልታዘዘውን በእግሩ ይማታል። ጠጋ ብዬ፣ «ልጆች፣ ከናንተ መካከል ሽማግሌ የሚሆን የለም?» አልኳቸው። ተያዩና ሳቁ። አንደኛው፣ «ጋሼ፣ ሽማግሌ ምን ይሠራል?» አለኝ።

ምን ብዬ ልመልስለት? በዚህ ሁሉ ዓመት ሽማግሌ ምን ሲሠራ አይቶ? መንግሥትም ታጣቂውም «ለልጆቻችን ስንል ነው» ይላሉ። ልጆቹ ግን ከሁለቱም የተማሩት አንድ ነገር ነው፤ ድምፁ የጮኸ፣ ጉልበቱ የበረታ ይመራል፤ የተናገረ ረባሽ ነው።

ሌላ ዓይነት ሲያዩ ግን ይዘውታል። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. እምቦጭ ጣናን ሲውጠው ከኦሮሚያ ድረስ ወጣቶች መጥተው አረሙን በእጃቸው ሲነቅሉ ይህ ሐይቅ ዳር ዘፈን በዘፈን ሆኖ ነበር። አረሙ እስከ ዛሬ አላለቀም። ያን ቀን ያየ ልጅ ግን ጭቃ ውስጥ አብሮ የሚገባ መሪም እንዳለ አይቷል።

«ልጅ ያቦካው…»

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚሉኝ እንዳሉ ይሰማኛል። መምህራንም፣ «አንተ ሰባ ልጅ በአንድ ክፍል ይዘህ እየው!» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ደመወዙ የማያጠግበው፣ ጦርነት መካከል የሚያስተምር መምህር ላይ ጣቴን አልቀስርም። ነገር ግን ልጅ ያላቦካ መቼ ሊጥ ይለምዳል? ሃያ ዓመት ሲሞላው ሊጡንም ቤቱንም አስረክበነው «ለምን አበላሸኸው?» ልንለው ነው?

የምጠይቀው ሆቴል አዳራሽ አይፈልግም፤ በጀትም አይፈልግም። አንደኛ፣ የክፍል አለቃን ክፍሉ ራሱ ይምረጠው፤ ለአንድ መንፈቅ ብቻ ይሁን፤ ከዚያ ይውረድና ሌላ ወንድ ወይም ሴት ይተካ። ዓይን አፋሩም ተራው ይድረሰው። ሁለተኛ፣ የረባሾች ስም ዝርዝር ይቅር። አለቃው ወረቀት መያዝ ካለበት የተሰበረውን ወንበርና የቀረውን ተማሪ ይመዝግብ፤ ከቀረው ጎንም «ለምን ቀረ?» የሚል ጥያቄ ይኑርበት። ቤቱ ሄዶ ይጠይቅ። ሦስተኛ፣ ከተማሪ የሚሰበሰብ መዋጮ ሁሉ እንደ ቡሄው ገንዘብ በክፍሉ ፊት ይቆጠር። አራተኛ፣ መምህርም ወላጅም ሲሳሳት «አጥፍቻለሁ» ይበል። ትልቅ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ያላየ ልጅ ሹም ሲሆን ከየት ያመጣዋል?

ትምህርት ቤት የተዘጋበት ቦታስ? አጥቢያ አለ፣ መስጊድ አለ፣ እድር አለ፣ የቤት ምድጃ አለ። እሑድ ቡና ሲፈላ ልጆችን አስቀምጦ «በዚህ ሳምንት ቤታችን ውስጥ ምን ተበላሸ? እኔስ ምን አጠፋሁ?» ብሎ መጠየቅ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

ያንን የክፍል ጓደኛዬን በ2016 ዓ.ም. አገኘሁት። ጣና ዳር መረቡን ሲያጥብ ነበር። እሱ ነው ያወቀኝ። ብዙ አወራን፤ ስለ ዓሣው መመናመን፣ ስለ ኑሮው። በመጨረሻ እንደ ምንም ደፍሬ ያን ቀን አነሣሁበት። ይቅርታም ጠየቅሁት። ለትንሽ ጊዜ ዝም ብሎ መረቡን ካጠበ በኋላ፣ «ልጄን የክፍል አለቃ አድርገዋታል» አለኝ።

«እና ምን አልካት?»

«‹ስም የምትጽፊ ከሆነ መጀመሪያ የራስሽን ጻፊ› አልኳት።»

እኔም ዛሬ፣ ዘግይቼም ቢሆን፣ የራሴን ጽፌያለሁ። ከኔ በላይ ያሉት አለቆች ደግሞ በተራቸው ብዕር ያንሡ።

ቸር ያሰንብተን።